የነጎድጓድ ልጆች
(ስለ ወንዶች ልጆች አስተዳደግ በኢዮቤልዩው በዓል የተነገረ ቃል)



ዛሬ በቅጽራችን ውስጥ የሚሮጡትንና የሚጮኹትን ወንዶች ልጆች በዱላ የሚያባርር ሰው አየሁ። እኔም በጕልምስናዬ እንዲሁ አደርግ ነበር። ሳቅ የሚያበዛ አንድ ተማሪ ብገርፈው ከጉባኤው ወጥቶ ቀረ፤ ሊዘርፈው የነበረው ቅኔም አብሮት ቀረ።

ጌታችን የዘብዴዎስን ልጆች የነጎድጓድ ልጆች ብሎ ሰየማቸው። በሰማርያ መንደር ላይ እሳት እንዲወርድ በፈለጉ ጊዜ ገሠጻቸው እንጂ አላባረራቸውም። ከእነርሱም አንዱ ፍቁረ እግዚእ ለመባል በቃ።

የአገራችን የቦረናው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ ለወንድሞች እህል ይፈጭ እንደ ነበር ይተረካል። ታግሠው ባያቆዩት ኖሮ አርጋኖንንና መጽሐፈ ምስጢርን ከማን እናገኝ ነበር?

ስለዚህ ጯኺውን ከበሮ አስይዙት፤ በመስክም ገና ይጫወት። ዝምተኛውንም ታገሡት። በአንድ መምህር እግር ሥር የተቀመጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅኔ አይቀኙምና። ክፋቱን እንገሥጽ፤ ጠባዩን ግን አንስበር፤ እርሱን የሰጠው ፈጣሪ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።