ለጨረታ ስላቀረብነው የአበባ ማስቀመጫ
(በማኅበራችን ዐሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ አራት የታክሲ ሾፌሮች ነን። ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥን እንጂ የጥንት ዕቃ ሊቃውንት አይደለንም። ይሁን እንጂ ዛሬ ማታ ለጨረታ ከቀረቡት ዕቃዎች መካከል ያ ወርቅና ሰማያዊ የሚለዋወጠው የአበባ ማስቀመጫ የእኛ ስጦታ ስለሆነ፣ «ፊርማው ሐሰት ነው» የሚል ወረቀት ለምን እንደለጠፍንበት ማስረዳት ይገባናል።

ነገሩ የተጀመረው አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልት ላይ የፈሰሰ የሞተር ዘይት ቀስተ ደመና ሲሠራ ሁላችሁም አይታችኋል። ከመካከላችን ኬሚስትሪ ያጠናው ምክንያቱን ነገረን። ከስሱ ሽፋን ላይና ታች የሚመለሰው ብርሃን ሲገናኝ አንዱን ቀለም ያጎላል፤ ሌላውን ያጠፋል። «በዚሁ መንገድ የሚያበራ ብርጭቆም አለ» አለን። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የሟች ቤት ዕቃ ወደሚሸጥበት መዞር ያዝን። ሚስቶቻችን ስለዚህ ምን እንደሚሉን ለዛሬ ይቅር።

የሮማውያን ብርጭቆ ለብዙ መቶ ዓመታት አፈር ውስጥ ተቀብሮ ሲወጣ፣ ገጹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ ተነባብሮ እንደ ርግብ አንገት ያብለጨልጫል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ባለሙያዎች ያንን ውበት በእሳት ለማምጣት ተነሡ። ገና በጋለው ብርጭቆ ላይ እንደ ቆርቆሮ ክሎራይድ ያለ ጨው ሲረጩበት ስሱ ሽፋን ይፈጠራል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሉዊስ ኮምፎርት ቲፋኒ እ.ኤ.አ. በ1894 «ፋቭሪል» የሚለውን የንግድ ስም አስመዘገበ። የቦሄሚያው ሎትዝ ፋብሪካ በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተሸለመ። በኮርኒንግ ከተማ ደግሞ ፍሬድሪክ ካርደር በ1904 «ኦሪን» ያለውን አወጣ። ከ1907 ገደማ ጀምሮ ፌንተን የተባለው ፋብሪካ በቅርጽ እየጨመቀ የሠራው፣ ኋላ «ካርኒቫል» የተባለው ርካሹ ዓይነት ወደ ተራው ሰው ቤት ገባ። እኛም የጀመርነው በእሱ ነው።

ይህን የአበባ ማስቀመጫ የገዛነው 640 ዶላር አዋጥተን ነው። ከሥሩ የቲፋኒ ስም ተጭሮበታል፤ ሻጩም ምሎልናል። ለሁለት ሳምንት በደስታ እንቅልፍ አልነበረንም። ከዚያ አንድ ምሽት በማጉያ መነጽር አየነው። ዕቃው መቶ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ሲጎተት መቀመጫው በጥቃቅን ጭረት ተሞልቷል። ፊርማው የቆየ ቢሆን ኖሮ ጭረቶቹ በፊርማው ላይ ባለፉ ነበር። የእኛው ግን ፊርማው ነው ጭረቶቹን የቆረጣቸው፤ መስመሩም ነጭና ስል ነው። ነጠብጣቡን ስናይ የሎትዝ ሥራ ይመስለናል። ከሎትዝ ሥራዎች ደግሞ ብዙዎቹ ፊርማ የላቸውም። ዕቃው የጥንት ነው፤ የውሸቱ ስሙ ብቻ ነው።

አንድ ገዢ ግን ፊርማውን አይቶ 1,800 ዶላር ሰጠን። እውነቱን እንናገር፤ ተጣላን። በዚያ ወር ከመካከላችን የቤት ኪራይ የጎደለበት፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለፈበት ነበር። «እኛም እኮ ተታለን ነው የገዛነው፤ ሰውዬውስ ዐይን የለውም?» የሚል ክርክር ተነሣ። ክርክሩ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዘለቀ። በመጨረሻ ያ ኪራይ የጎደለበት ጓዳችን ራሱ ስልኩን አንሥቶ ለገዢው እውነቱን ነገረው። ሰውዬውም አመስግኖ ሳይገዛ ቀረ። ኪራዩን ሦስታችን ሸፈንን፤ እስካሁን በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ እየመለሰልን ነው።

እንግዲህ የጨረታው መነሻ 200 ዶላር ነው፤ ገንዘቡ ለልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት መጻሕፍት ይውላል። ቀርባችሁ እዩት። ማጉያ መነጽሩም እዚያው አለ። ስታነሡት ግን በከንፈሩ አትያዙት፤ መዳፋችሁን ከሥሩ አድርጉ፤ ቀለበት ያላችሁም እባካችሁ አውልቁ።