ክራርና ፎርክ ለጭሮ ልጆች



ሐኪም ስለ ክራር ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም። ለጭሮ (ብዙዎቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ የምንላት)፣ ለሂርናና ለገለምሶ ትምህርት ቤቶች ምን እናድርግ ስለተባለ ነው። ላቦራቶሪ እስኪሟላ እንጠብቅ ካልን፣ ልጆቹ የክርን ቀመር እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘው ድምፁን ሳይሰሙ ይመረቃሉ።

ርዝመቱና ውፍረቱ ሳይለወጥ አንድ ክር ንዝረቱ እጥፍ እንዲሆን ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። የቱ ክር ይችለዋል? ይበጠሳላ! ወፍራምና ቀጭን ክር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አሁን ሁለት ክሮችን አንድ ድምፅ ላይ ለመቃኘት ሞክሩ። አንዱ በሴኮንድ 220 ጊዜ፣ ሌላው 222 ጊዜ ቢነዝር ጆሮ ሁለት ድምፅ ለይቶ አይሰማም። አንድ ድምፅ በሴኮንድ ሁለቴ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማል፤ ዋ… ዋ… ዋ እንደማለት። የፊዚክስ መምህሮቻችን ቢት የሚሉት ይኸው ነው። ቢቱ ብቻውን የትኛው ክር እንደሚበልጥ አይናገርም። አንዱን ጠበቅ ስታደርጉ ከዘገየ መንገዳችሁ ልክ ነው፤ ከፈጠነ ግን መልሳችሁ ላላ አድርጉት።

ይህን ልኬት አትናቁት። በ220 ላይ ውጥረቱ በመቶ አንድ ብቻ ቢጨምር ንዝረቱ 221.1 ይሆናል፤ በሴኮንድ ከአንድ ቢት ትንሽ ይበልጣል። ክራር ተጫዋቹ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጆሮው ብቻ ይይዘዋል። በሚኤሶ ሙቀት የተቃኘ የብረት ክር ጭሮ ዳገት ላይ ብርዱ ሲያገኘው ኮምተር ብሎ ድምፁ እንደሚወጣም እግረ መንገዴን ልንገራችሁ።

እኛ ሐኪሞች የምንይዘው ሹካ መሰል ብረት፣ ቱኒንግ ፎርክ፣ የሚጠብቅ የሚላላ ክር የለውም። በሴኮንድ 128 ጊዜ የሚነዝረውን በስኳር ሕመምተኛ የእግር አውራ ጣት ላይ አድርጌ «አባባ፣ ይሰማዎታል?» ስል «ኧረ ምንም» ካሉኝ፣ ቁስል ሳይወጣ በፊት ነርቫቸው መጎዳቱን እጠረጥራለሁ። እግር የሚተርፈው እዚያ ላይ ሲደረስ ነው። ይህን ንዝረት በእጁ የዳሰሰ ተማሪ ነገ ነርስ ወይም ሐኪም ሲሆን ፎርኩን በመሳቢያ አይረሳውም።

ስለዚህ ከምንልከው መጻሕፍት ጋር ለየትምህርት ቤቱ አንድ ክራርና አንድ ፎርክ ይግባ። ፎርኩ ባለበት ይቆያል፣ ክሩ ይጠብቃል ይላላል፤ ተማሪው ቢቱን እየቆጠረ ልዩነቱን ራሱ ያገኛል። የመጀመሪያውን ክራር እኔ እገዛለሁ፤ ፎርኩን ከፊዚክስ ክፍል መምህራን እንለምናለን።