የባሌ ቅርሶች በየትኛው ቤት ይቀመጡ?



አንድ መሐንዲስ «ለባሌ ቤተ መዘክር ንድፍ አዘጋጅ» የሚል ትእዛዝ ቢደርሰው እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ማስመሪያውና ወደ ወረቀቱ ነው። ቦታው ሮቤ፣ ምናልባትም ጎባ ይሆናል። አዳራሹ ሰፊ፣ መስኮቱ ትልልቅ፣ ጣራው ከፍ ያለ ይሆንና ከየአቅጣጫው የተሰበሰበው ዕቃ በመስታወት ሣጥን ይደረደራል። የዛሬው ንግግር የሚያነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ አንድ እርምጃ የቀደመ ነው፤ ይኸውም በባሌ ደጋ የሚገኘው ስብስብ በእርግጥ ቤት የጎደለው ነውን? ከጎደለውስ ምን ዓይነት ቤት? የሚል ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልሱን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ከመፈለግ ይልቅ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ የሚወጣውን ጎብኚ መከተል ይሻላል። ይህ ጎብኚ ሮቤ ከመድረሱ በፊት ዲንሾ ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤትን ያገኛል። ፓርኩ የተመሠረተው በ1970 ሲሆን በ2014 በሕግ ተከልሎ በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ትንሽ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር አለች፤ በውስጧም ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ እንስሳትና የአጥንት ናሙናዎች ይታያሉ። በከተማ ቤተ መዘክር የለመደ ሰው ትንሽነቷን አይቶ ሊንቃት ይችላል። ነገር ግን ከበሩ ወጥቶ በጥዱና በኮሶው ዛፍ መካከል ጥቂት ቢራመድ፣ ውስጥ ቆሞ ያየው የደጋ አጋዘን በሕይወቱ ሣር ሲግጥ ያገኘዋል። የለንደንም ሆነ የፓሪስ ታላላቅ ቤተ መዘክሮች ይህን ለጎብኚያቸው ሊሰጡ አይችሉም። የዲንሾዋ ክፍል ጥቅሟ ዕቃ በመያዟ ሳይሆን ጎብኚው ውጭ የሚያየውን ለይቶ እንዲያውቅ ዓይኑን በማዘጋጀቷ ነው።

የደጋ አጋዘን ነገር ከተነሣ ዘንድ አንድ ታሪክ መጥቀስ ይገባል። እንስሳው ለውጭው ዓለም ሳይንስ የታወቀው በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ካደነው በኋላ ሲሆን በ1910 ሪቻርድ ሊደከር የሳይንስ ስም አወጣለት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1894 አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በሼክ ሁሴንና በሶፍ ዑመር በኩል አልፎ ነበር፤ የሰበሰበው የእንስሳት ናሙና ወደ ለንደን፣ የሰዎች መገልገያ ዕቃ ደግሞ ወደ ፊላደልፊያ ሄዷል። እንግዲህ ባሌ ስብስብ አልነበራትም ማለት አይቻልም፤ ስብስቧ ተጭኖ ሲሄድ የአገሬው ሰው ያስቀረው ዝርዝር አልነበረም እንጂ።

ከዲንሾ ወደ ሮቤ፣ ከሮቤም 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጎባ ይገባል። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ አስተዳደር መቀመጫ ሮቤ ነው። የጎባ የረቡዕ ገበያ ሰፌዱን፣ ሌማቱን፣ ማሩንና ጋቢውን የሚያይበት ቦታ ነው። በቀለም ያጌጠው ስፌት በዚያ የሚዘረጋው ለመታየት ሳይሆን ለመሸጥ ስለሆነ፣ ጎብኚው የዕቃውን አገልግሎትና የሠሪዋን ስም ከራሷ ከሠሪዋ ይጠይቃል። በመስታወት ሣጥን ሥር የምትለጠፍ ወረቀት ይህን ያህል አትናገርም።

ከዚህ የከበደ ምሳሌ ሲንቄ ነው። ሲንቄ ኦሮሞ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው በትር ሲሆን በገዳ ሥርዓት ውስጥ የሴትን መብትና ክብር የሚያስጠብቅ ነው፤ ሴቶች ሲንቄ ይዘው በጠበኞች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይበርዳል። የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ታዲያ አንድ ሰብሳቢ ከአንዲት እናት እጅ ሲንቄዋን ገዝቶ በሣጥን ቢያስቀምጣት የተቀመጠው እንጨቱ ብቻ ነው። ሥልጣኗ ከቤቷ ወጥቷል፤ ወደ አዳራሹም አልገባም። ቦኩንና ካላቻን በመሰሉ የሥርዓቱ ዕቃዎች ላይም ነገሩ ያው ነው።

ከጎባ በስተ ደቡብ መንገዱ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነፋሱ ፊት የሚገርፍ፣ ሌሊቱ ውሃ የሚያረጋ ነው፤ ቱሉ ዲምቱም በ4,377 ሜትር ከዚያው ይታያል። የዓለም ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ ከግማሽ የሚበዙት የሚኖሩት በእነዚህ ተራሮች ነው። የሰውም ታሪክ በዚህ ደጋ ላይ ረዥም ነው። በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለው የዓለት ጥላ፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ፣ የዛሬ 47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ግዙፉን ፍልፈል በእሳት ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ መሣሪያቸውንም ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ ከሚያመጡት ባልጩት ይሠሩ ነበር። በዚያ ዘመን በተራራው አናት ላይ የበረዶ ግግር እንደነበረ ሲታሰብ የጉዞው ድካም ይገመታል።

በአገሪቱ ሕግ መሠረት ከቁፋሮ የሚወጣ ቅርስ የመንግሥት ነው፤ የሚመዘገበውም በአዲስ አበባ ነው። ይህ ሥርዓት ትክክል ነው፤ ጥበቃ በሌለበት ስፍራ እንዲህ ያለ ዕቃ ማኖር ለሌባና ለእርጥበት አሳልፎ መስጠት ነውና። ይሁን እንጂ የዲንሾ ተማሪ አያቶቹ በሚያውቁት ሸለቆ የተገኘውን ባልጩት ለማየት 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። እውነተኛው ዕቃ በአዲስ አበባ ተጠብቆ፣ በልክ የተሠራ ቅጅ ከአፈሩ ድርብርብ ሥዕል ጋር ዲንሾ ላይ ቢታይ የሚጎዳ ወገን የለም።

የዓለቱ ጥላ በሚገኝበት በላይኛው የዌብ ተፋሰስ የሚሰበሰበው ውሃ በዲንሾ በኩል አልፎ ወደ ምሥራቅ ይወርድና ከሮቤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሶፍ ዑመር የኖራ ድንጋዩን ሰንጥቆ ይገባል። ካርታ የተነሣላቸው የዋሻው መተላለፊያዎች 15.1 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። የዓምዶች አዳራሽ የሚባለውን ክፍል ያየ መሐንዲስ ባርኔጣውን ሳያወልቅ አያልፍም፤ ውሃ ያለ ስሌት፣ ያለ ብረትና ያለ አርማታ የተሸከርካሪና የተሸካሚን ሕግ ጠብቆ ያቆመው ሕንፃ ነው። በቃል ታሪክ እንደሚነገረው ሶፍ ዑመር የተባሉት ቅዱስ ሰው ከተከታዮቻቸው ጋር በዚህ ዋሻ ይጸልዩ ነበር፤ ስፍራው እስከ ዛሬ የተከበረ ነው።

እንዲህ ላለው ስፍራ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። ማልታ በሜዲቴራኒያን ባሕር መካከል የምትገኝ ትንሽ ደሴት ስትሆን ድንጋይዋ እንደ ሶፍ ዑመር የኖራ ድንጋይ ነው። በ1902 በዚያች ደሴት ለቤት ሥራ የውሃ ማጠራቀሚያ ይቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች ከ5 ሺህ ዓመት በፊት በሰው እጅ የተፈለፈለ ባለ ሦስት ደርብ የመቃብር ስፍራ አገኙ። ሀል ሳፍሊየኒ ይባላል። የ7 ሺህ ያህል ሰዎች አጽም እንደነበረበት ይገመታል። ቁፋሮውን በመጀመሪያ የመሩት አባ ማኑኤል ማግሪ በ1907 ሲሞቱ የጻፉት ዘገባ ጠፋ። በዘመናቸው ከጉድጓዱ የወጣው ሁሉ ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ድርብርብ እንደወጣ ዛሬ የሚነግር የለም። ዕቃው ከነሣጥኑ ቢቀመጥም ነገሩ ግማሽ በግማሽ ጠፍቷል።

ሁለተኛው ጉዳት የመጣው ከጎብኚው ራሱ ነው። የሰው ትንፋሽ እርጥበትና የተቃጠለ አየር ያመጣል፤ መብራት ያሞቃል፤ በግድግዳው ላይም አረንጓዴ ዝቃጭ ይበቅላል። ስለዚህ ስፍራው በ1990ዎቹ ለዓመታት ተዘግቶ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት የሚጠበቅበት መሣሪያ ከገባ በኋላ በ2000 ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ የሚገባው ሰው በቀን 80 ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሶፍ ዑመር ግን ወንዝ የሚነፍስበት ክፍት ዋሻ ስለሆነ በትንፋሽ አይጎዳም። በዚያ የሚያሰጋው የክረምት ሙላትና የቸኮለ ግንባታ ነው። በዋሻው ወለል ላይ የሚተከል የኮንክሪት መሸጋገሪያ በደረቅ ወራት ለጎብኚ ይመቻል፤ ወንዙ በሞላ ጊዜ ግን ጎርፉ ያመጣውን ግንድ ይዞ ያቆማል፣ ውሃውንም ወደ ዓምዶቹ ሥር ይመልሳል። ጎብኚው ጫማውን አውልቆ ቢሻገር ይሻላል።

የማልታው ታሪክ ለባሌ የሚጠቅመው እንግዲህ በመሣሪያው ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ መዝገብ፣ ቀጥሎ የሰው ቁጥር፣ ሕንፃው ከሁሉ በኋላ።

ከጊኒር ወደ ሰሜን፣ በሞቃቱ ቆላ፣ ድሬ ሼክ ሁሴን ይገኛል። ነጫጭ ጉልላት ያላቸው መቃብሮች፣ አጥርና ኩሬ ያሉበት ይህ ስፍራ ከየአገሩ ብዙ ሺህ ምእመናን ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው በእግር የሚመጡበት ነው። የሐረሩ አሚር ዐብዱሸኩር በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሕንፃ እንዳሠሩበት ይነገራል። መንፈሳዊ ክብሩን መተንተን የዚህ ንግግር ድርሻ አይደለም። የሕንፃው ጉዳይ ግን የሙያው ነው። በኖራ የተለሰነ አሮጌ የድንጋይ ግንብ ይተነፍሳል፤ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በፊቱ ያስወጣል። በደግ አሳብ «ይጠንክር» ተብሎ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ጨዉ ከልስኑ በስተ ኋላ ይረጋል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላም ልስኑ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ቤት የሚያቆየው በየጊዜው የሚታደስ የኖራ ቅብ ነው፤ ይህንም የሚያውቁት የስፍራው ጠባቂዎች እንጂ ከውጭ የሚመጣ ሥራ ተቋራጭ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ሮቤ ላይ ምንም አይሠራ ማለት ነውን? አይደለም። ባለቤት ያጣ፣ ከሥራ የወጣ ወይም በቤቱ የሚበላሽ ዕቃ መጠጊያ ያስፈልገዋል፤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ስላለ መዝጋቢና ተመራማሪ አይጠፋም። ነገር ግን ቤቱ ትንሽና ባለ አንድ ፎቅ ይሁን። ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በአሥር በመቶ ያህል ስለሚበረታ 2,490 ሜትር ላይ ባለችው ሮቤ ትልቅ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት የስፌትና የቆዳ ጠላት ነው። መስኮቱ ጠባብ ሆኖ በሰሜንና በደቡብ ይውጣ፤ የጣራው ክፈፍም ራቅ ብሎ ይውረድ። ለጨርቅና ለስፌት ከ50 ሉክስ የበለጠ ብርሃን አይፈቀድም፤ ይህ ደብዛዛ ነው፤ ዓይን ግን ይለምደዋል። የደጋ ሌሊት ቆርቆሮውን ሲያቀዘቅዝ በውስጥ ያለው እርጥበት ጠብታ ሆኖ ስለሚወርድ ኮርኒስና አየር መተላለፊያ ሳይደረግ ሣጥን ከሥሩ አይቀመጥ። አሸንዳውና የውሃ መውረጃው ቦይ ከመስታወቱ በፊት ይገዛ።

ባሌ ከስምጥ ሸለቆው እምብዛም ስለማትርቅ የመሬት መንቀጥቀጥም ይታሰብ። በቀርጤስ ደሴት የሄራክሊዮን ቤተ መዘክር በ1926፣ በ1930ና በ1935 በደረሱት መንቀጥቀጦች ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ አርክቴክቱ ፓትሮክሎስ ካራንቲኖስ ከ1937 ጀምሮ መንቀጥቀጥ እንዲችል አድርጎ በአርማታ አዲስ ሠርቶታል። ለሮቤ ያን ያህል ወጪ አያሻም፤ መደርደሪያው ከግድግዳው መታሰሩና ሸክላው ከታችኛው ደርብ መቀመጡ ብዙውን ያድናል።

የዕቃው አደራደር በበኩሉ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊወሰድ ይችላል። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የተቋሙ ቤተ መዘክር ዕቃውን በብሔር ወይም በክፍለ ሀገር ሳይሆን በሰው ዕድሜ፣ ከልደት እስከ ሞት ደርድሮታል። በዚህ መንገድ የባሌ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ደገኛና ቆለኛ፣ የየራሳቸው ጥግ ሳይሰጣቸው በአንድ መስመር ይገናኛሉ።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልገው ግዢ አነስተኛ ነው፤ ጥቂት የሙቀትና የእርጥበት መለኪያዎች፣ አንድ የፎቶግራፍ መሣሪያና በጠንካራ ክዳን የተጠረዘ መዝገብ። መዝገቡ አምስት አምዶች ይኖሩታል፤ የዕቃው ስም በባለቤቱ ቋንቋ፣ የባለቤቱ ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ በመጨረሻም «ዕቃው አሁንም በሥራ ላይ ነውን?» የሚል። በዚህ በአምስተኛው አምድ «አዎን» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ልኩና ፎቶግራፉ ከተወሰደ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።