አረንጓዴው ሁሉ ግጦሽ አይደለም



የዚህ ምረቃ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ «በሶፍትዌር ሥራ ዓለም ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለልጆቹ ንገርልን» ነው ያሉኝ። የድንኳኑን ሙቀት እያየሁት ነው፤ አላረዝምም። ከሲሊከን ቫሊም አልጀምርም። የምጀምረው ከዚሁ ከአፋር፣ ከጭፍራ ነው፤ እዚህ ወረዳ ተሞክሮ አዲስ አበባ ያሉ አብዛኞቹ የሙያ ባልደረቦቼ ወሬውን እንኳ ያልሰሙት ሥራ ስላለ።

እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፒ.ሲ.አይ. የተባለ የአሜሪካ ግብረ ሰናይ ድርጅት በዩ.ኤስ.ኤይድ ገንዘብ ጭፍራን የሙከራ ቦታ አድርጎ ነበር። አርብቶ አደር ከብቱን ከመንዳቱ በፊት ሳርና ውሃ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ይህንን ለማወቅ እናንተ ኤዶ የምትሉት አለ፤ አገር የሚያውቅ፣ እግሩ የጠና ሰው አስቀድሞ ይላካል፤ ሳሩን፣ ውሃውን፣ የከብት በሽታውን፣ በአካባቢው ማን እንደሰፈረ አይቶ ይመለሳል። ዝናቡ እየተዛባ ሲመጣ ግን ሰውየው ደርሶ እስኪመለስ ያየው ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ሳተላይት ይርዳው ተባለ።

ሥራው የተጀመረው በኮምፒውተር አይደለም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የግጦሽ መሬታቸውን ወሰን በወረቀት ላይ አመለከቱ፤ የክረምቱ ግጦሽ የት እንደሆነ፣ የበጋው የት እንደሆነ፣ መሻገሪያው በየት በኩል እንደሆነ። እነሱ ያሰመሩት መስመር ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ከሳተላይት የሚመጣው የልምላሜ መጠን በየአስር ቀኑ በቀለም ተለውጦ ከመስመሩ ላይ ተነጠፈ፤ ታትሞም በወረዳው በኩል ለማኅበረሰቡ ተመለሰ። የከብት ሞት ግማሽ ለመሆን ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ቀነሰ ሲል ፕሮጀክቱ ዘግቧል። ሠሪው ራሱ የለካውን ቁጥር ሁልጊዜ በጥርጣሬ ነው የምሰማው፤ ቢሆንም ሥራው ወደ ኬንያና ወደ ታንዛኒያ ተሻግሮ አፍሪስካውት የሚባል የስልክ አፕ ሆኗል። ጭፍራ ላይ በወረቀት የተሞከረ ነገር አፕ ሆኖ ድንበር ተሻገረ ማለት ነው። ይህንን ከእኔ በፊት ማንም ካልነገራችሁ ዛሬ ስሙት።

እንደ ባለሙያ ሳየው የሚገርመኝ የትኛው ክፍል ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደነበረ ነው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን ግን መልሶ ይረጫል። ሳተላይቱ ሁለቱንም ይለካል። ሶፍትዌሩ የሁለቱን ልዩነት ለሁለቱ ድምር ያካፍላል፤ መልሱ ወደ አንድ ሲጠጋ ልምላሜ ነው፣ ወደ ዜሮ ሲወርድ ደረቅ መሬት ነው። በቃ። አንድ መስመር ኮድ ነው፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት ማንኛችሁም አሁኑኑ ልትጽፉት ትችላላችሁ። ምስሉም በነፃ ይገኛል። ገንዘብ የማይገዛው፣ ከሰማይም የማይታየው ሽማግሌዎቹ ያሰመሩት ወሰን ነው።

ከዚያ ደግሞ ደርጊ ሃራ አለላችሁ።

ደርጊ ሃራን ለእናንተ አላስተዋውቅም። ለእንግዶች ያህል፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ነው፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በመካከለኛው አዋሽ የእርሻ ልማት አካባቢ ተተክሎ አሚባራን፣ ገዋኔን፣ ከዚያም ሌላውን የአፋር ምድር ወረረ። ፍሬውን የበሉ ከብቶች በእበታቸው ይዘሩታል። ሥሩ ጠልቆ ውሃ ስለሚያገኝ በበጋም አይጠወልግም፤ ከሥሩ ግን ሳር አይበቅልም። እንግዲህ ሳተላይቱ በበጋ ወደ አዋሽ ዳር ሲመለከት ምን ያያል? አረንጓዴ ያያል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ኮዱ ስህተት የለበትም፣ ካርታው ያምራል። ካርታውን አምኖ ከብቱን ነድቶ የሄደ ሰው የሚደርሰው ግን እሾህ ጫካ ውስጥ ነው።

ይህ ስህተት የገንዘብ ስህተትም ሊሆን ይችላል። በኬንያ ማርሳቢት እ.ኤ.አ. በ2010፣ በእኛው በቦረና ደግሞ በ2012 የተጀመረ የከብት መድን አለ። ካሳው የሚወሰነው የሞተ ከብት ተቆጥሮ አይደለም፤ ሳተላይቱ የለካው ልምላሜ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ይከፈላል። ብልህ አሠራር ነው፤ ሬሳ የሚቆጥር ተቆጣጣሪ አያስፈልግም፣ ለማጭበርበርም አይመችም። አሁን ይኸው መድን ደርጊ ሃራ በወረረው አገር ላይ እንዳለ ቢነጠፍ ብላችሁ አስቡ። ሳሩ አልቆ ከብቱ እየረገፈ፣ ቁጥሩ «አገር ደህና ነው» ሊል ይችላል። ባለ ከብቱ ለማን አቤት ይላል? ሶፍትዌሩን የጻፈው ሰው አዋሽን አይቶት አያውቅም።

ወደ ዛሬው አዝማሚያ የምመጣው በዚህ መንገድ ነው። የሙያችን ትልቁ ዜና ኮድ መጻፍ መርከሱ ነው። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ጊትሃብ ኮፓይለት ለሙከራ ወጣ፤ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ፕሮግራመር ሳምንት ይፈጅበት የነበረውን ሥራ ማሽኑ ቡና እስኪፈላ ድረስ ጽፎ ይሰጣል። ብዙዎቻችሁ ሐምሌ 2016 በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና አልፋችኋል፤ በስልክ፣ በእንግሊዝኛ፣ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት እየጠበቃችሁ። «ይህን ሁሉ ለፍቼ ተምሬ ማሽኑ ከቀደመኝ ምን ልሠራ ነው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ።

ማሽኑ የሚሰጣችሁ ኮድ ደርጊ ሃራ ነው። ሁልጊዜ ለምለም ነው። ሲሳሳትም ለምለም ነው፤ አይንተባተብም፣ «ይህን አላውቅም» ማለት ይከብደዋል፣ የሌለ ነገር ፈጥሮ በሙሉ ልብ ይነግራችኋል። በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ ተጠቀሙበት እላችኋለሁ እንጂ ሽሹት አልልም። ነገር ግን ኮዱ ምን እንደሚያደርግ መስመር በመስመር ማንበብ የማይችል ሰው፣ ከርቀት ካርታ አይቶ ከብቱን እንደነዳው ሰው መሆኑ ነው። ሥልጠናው ያስጨበጣችሁ መሠረት፣ ሉፑ፣ ፈንክሽኑ፣ ዳታቤዙ፣ ጥቅሙ አሁን እዚህ ላይ ነው። ድሮ ለመጻፍ ነበር የምንማረው፤ ዛሬ ለመመርመር ነው።

በመመርመሩ ደግሞ ከማንም በፊት የሰለጠነ ሕዝብ ካለ የዳጉ ሕዝብ ነው። በዳጉ፣ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ሲለዋወጡ፣ በዓይንህ አይተህ ነው ወይስ ከሌላ ሰምተህ? መቼ? የት? ይባላል። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ቃሉ አይታመንም። ማሽኑን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት። ምንጩን ሲነግራችሁም ምንጩን ሄዳችሁ ክፈቱት፤ አንዳንድ ጊዜ የጠቀሰው ነገር እዚያ የለም።

ስለ ቋንቋ ጥቂት ልበል። ሰኔ 2016 ጉግል ትርጉም በአንድ ጊዜ 110 ቋንቋዎችን ሲጨምር አፋርኛ አንዱ ነበር። ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው ከእነዚያ ሁሉ ቋንቋዎች መካከል በጎ ፈቃደኞች ከሁሉ የበለጠ አስተዋፅኦ ያደረጉለት አፋርኛ ነው። ማን እንዳደረገው አላውቅም፤ ከመካከላችሁ ካለ እጁን መጨበጥ እፈልጋለሁ። እኛ የአማርኛ ሰዎች ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ እስኪገባ፣ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ አንዱ የጻፈው በሌላው ኮምፒውተር አልነበብ እያለ ስንንገላታ ኖረናል። እናንተ ግን በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ቀፋር ፈራን በማንኛውም ቁልፍ ሰሌዳ ትጽፋላችሁ። እንዲያውም ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት የዓለም ቋንቋዎች ኮድ ዝርዝር አፋርኛ ሁለት «ኤ» ይዞ ከሁሉም ቀድሞ፣ በአንደኛ መስመር ላይ ነው ያለው። ሆኖም በአፋርኛ የሚያናግር አፕ ስፈልግ የማገኘው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የእናንተ ሥራ ነው።

ሌላው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ዩ.ኤስ.ኤይድ ሰኔ 2017 በሩን ዘጋ። ፒ.ሲ.አይም ቀደም ብሎ ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዷል። ፈረንጅ የሚያመጣው ፕሮጀክት ክፉ ነው አልልም፤ ግን ሰርቨሩ ሌላ አገር፣ ክፍያው በሌላ ሰው ኪስ የሆነ ሥርዓት ከፋዩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የፋይዳ መታወቂያን ተመልከቱ። የተሠራበት ሞሲፕ የሚባለው ሶፍትዌር ሕንድ፣ ባንጋሎር ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ነገር ግን ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሞሮኮም ወሰደችው፣ ፊሊፒንስም ወሰደችው፣ እኛም ወስደን ለራሳችን አስተካከልነው። ነገ ሕንዶቹ ቢተዉት እንኳ ኮዱ እጃችን ላይ ይቀራል። ክፍት ምንጭ ስትሰሙ ነፃ ስለሆነ ብቻ አትውደዱት፤ ባለቤቱ ቢጠፋም ስለማይጠፋ ውደዱት። ይህች ከተማ ደግሞ መጥፋት ምን እንደሆነ ታውቃለች። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ሲደርስ ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ከነሰነዱ ምን እንደሆነ እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ። ዳታ ስትሰበስቡ ቅጂው ሁለት ቦታ፣ አንደኛው ከጭፍራ ውጭ ይቀመጥ።

ወላጆች ሆይ፣ «ልጄ ሥራ ያገኛል ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ሰመራ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ እዚሁ ሆነው ለሩቅ ሰው ይሠራሉ። ሁሉም ወዲያው ያገኛል ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። አዲስ አበባ ያለ ዴቨሎፐር የማያውቀውን ግን ያውቃሉ። ያ ሰው አፑን የሚሞክረው ዋይፋይ ባለበት ቢሮ፣ ባትሪው በተሞላ አዲስ ስልክ ነው። ኔትወርኩ አንድ ኮረብታ ላይ ተገኝቶ ቀጣዩ ላይ እንደሚጠፋ፣ ስልኩ በፀሐይ ግሎ እንደሚዘጋ፣ ሰው መረጃውን ይዞ ሦስት ቀን ተጉዞ ከተማ ሲገባ ብቻ መላክ እንደሚችል ልጆቻችሁ ኖረውበታል። ያለ ኔትወርክ የሚሠራ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ የያዘውን የሚልክ ሶፍትዌር መሥራት ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከመውረዴ በፊት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ኤዶ ከሚወጡት ጋር አንዳችሁ ውጡ። ከሳተላይት አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው፣ ግን ደርጊ ሃራ ብቻ የሆነው ቦታ ላይ ስትደርሱ ቆማችሁ መዝግቡ፤ የቦታው ስም በአፋርኛ፣ ጂፒኤሱ፣ ቀኑ፣ ማን እንዳየው። ጥቂት አምዶች ያሉት ሰንጠረዥ ይበቃል። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ከሳተላይቱ ምስል ጋር ያዋህድላችኋል፤ እነዚያን ቦታዎች ከግጦሹ ትቀንሳላችሁ። የውሃ ጉድጓዶቹንና ለክፉ ቀን የተከለሉትን ግጦሾች ግን ሽማግሌዎቹ ሳይፈቅዱ ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጡ። ክፍት ምንጭ ውደዱ ያልኩት ስለ ኮዱ ነው፤ ውሃው ያለበትን ቦታ ለዓለም መንገር ጠብ ያመጣል፣ አፍሪስካውትም ካርታውን ለየማኅበረሰቡ የሚገድበው ለዚህ ነው።

ሃምሳ ቦታ ስትሞሉ ላኩልኝ። ስልኬን ለአዘጋጆቹ ሰጥቻለሁ። ኮዱን አብረን እናነበዋለን፤ ማሽኑ የጻፈው ከሆነም የትኛው መስመር ምን እንደሚሠራ እጠይቃችኋለሁ።