ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ለማን ይሆናል?

ከመጠን ያለፈ ውፍረት የስንፍና ምልክት ሳይሆን ሕክምና የሚያስፈልገው በሽታ ነው። አመጋገብን ማስተካከልና ስፖርት አልበቃ ሲሉ፣ ቀዶ ሕክምና አንዱ አማራጭ ነው።

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው፣ ከጨጓራ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞንም አብሮ ይቀንሳል። የወጣው አይመለስም። በሁለተኛው፣ የቡና ሲኒ የማይሞላ ትንሽ ከረጢት ከጨጓራው አናት ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገጠማል። ይህኛው ዓይነት 2 ስኳርን ለመቆጣጠር በእጅጉ ይረዳል፤ ቃር ለሚያስቸግራቸውም ይመረጣል።

ለማን ይሆናል? ኪሎዎን ለቁመትዎ በሜትር ያካፍሉ፤ ያገኙትን እንደገና ለቁመትዎ ያካፍሉ። በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ውጤቱ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ቀዶ ሕክምናውን ይመክራል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ለሆነ ሰው 95 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከ30 እስከ 35 ከሆነም፣ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ካለ ይታሰብበታል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቫይታሚንና ማዕድን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ የደም ምርመራም አይቋረጥም። ሴቶች እርግዝናን ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወራት ማዘግየት አለባቸው። የሚጾሙ ከሆነ፣ ፕሮቲንና ቫይታሚን ቢ 12 እንዳያንስዎ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

አድማጮቻችን፣ በወሬ ተነሥታችሁ አትወስኑ፤ ከቀዶ ሐኪምና ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ።