መርዶ በስልክ፦ ዘግይቶ የገባ ሰው ምልከታ



ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በ1989 ዓ.ም. ነው። ፌስቡክ በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ በማስተማር ሥራ ላይ ነበርሁ፤ የራሴን ገጽ የከፈትሁት ግን ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ቀድሞ ልጠይቃቸው የምሻቸው ሰዎች ሁሉ በእግር ወይም በአውቶቡስ የሚደረስባቸው ነበሩ። ዘመዶቼ ከመርጡለ ማርያም ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ቤይሩት ሲበተኑ ነው ነገሩ የተለወጠው።

መርጡለ ማርያምን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ንግሥት እሌኒ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ለጎረቤት ደብዳቤ የጻፍሁባት ከተማ ናት። እናቶች ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የወረቀቱ እኩሌታ ሰላምታ ነበር። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ዛሬ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ስትልክ ያንኑ ሰላምታ አንዲት ቃል ሳታጎድል ታወርደዋለች፤ ጸሐፊ አያሻትም። ስለ ዲጂታል ክፍተት የምትመራመሩ ይህን ልብ በሉልኝ።

«ማኅበራዊ ሚዲያ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች በእኛ ቤት አንድ አይደሉም። ቴሌግራም የተማሪዎቼና የቤተሰቡ ነው። ዋትሳፕ ውጭ አገር ላሉ የሙያ ጓደኞቼ ነው። ኢሞ ቤይሩት በሰው ቤት ለምትሠራው የእህቴ ልጅ ነው፤ ኔትወርኩ ደካማ ሲሆንም ፊቷን ያሳየናል። ፌስቡክ የአገር ልጆች አደባባይ ነው፤ ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው።

በአገራችን መርዶ እንደ ማንኛውም ወሬ አይነገርም። ሟች ከተቀበረ በኋላ እንኳ ሩቅ ያለው ዘመድ ሳይሰማ ይቆያል፤ የሚያውቁት ሰዎች ይመካከራሉ፣ ሽማግሌ ይመርጣሉ፣ ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ከደጁ ይደርሳሉ። ቆይታው ምስጢር ለመደበቅ አይደለም፤ ሰውዬው ሲረዳ የሚደግፈው ሰው በዙሪያው እንዲኖር ነው። የእህቴ ልጅ ግን አባቷ ባረፈ ጊዜ የተረዳችው በአሠሪዎቿ ማድ ቤት ቆማ፣ በፌስቡክ ከወጣ ፎቶግራፍና ከሥሩ ከተደረደረው «ነፍስ ይማር» ነው። የሚይዛት ሰው አልነበረም።

የዝምታውንም ወገን አይተነዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ያቺው ልጅ እያንዳንዱን ያልተመለሰ መልእክት እንደ መርዶ ትቆጥረው ነበር። ማንም አልሞተም፤ እርሷ ግን ስታለቅስ ከረመች።

ከዚያ ወዲህ ታላቅ እህቴ ለቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ሥርዓት አወጣች፦ ሰው ሲያርፍ፣ ሁሉም መረዳቱ ሳይረጋገጥ ፎቶግራፍም ሆነ «ነፍስ ይማር» አይለጠፍም። በቅርቡ አክስታችን ስታርፍ ይኸው ተሠራበት። ቤይሩት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለሚያገኟት ሴቶች በስልክ ተነገረ፤ እነርሱም ተጠራርተው ሄደው አረዷት። እስከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ በቡድኑ ውስጥ አንድም ቃል አልተጻፈም። የመልእክት ብዛት እየቆጠራችሁ የግንኙነትን ጥንካሬ የምትለኩ ተማሪዎቼ፣ እነዚያን ሦስት ቀናት በየትኛው ዓምድ እንደምታስገቧቸው ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።