በላንግያ ኮረብታ ላይ



በቻይና አገር፥ በሻንዶንግ የባሕር ጠረፍ ወዳለው ወደ ላንግያ ስንወጣ ታላቅ ተራራ ጠብቀን ነበር፤ ከፍታው ግን 200 ሜትር እንኳ አይሞላም። ንጉሠ ነገሥቱ ቺን ሺ ኋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 ዓመት በዚህ ስፍራ ሦስት ወር እንደ ተቀመጠ፥ 30,000 ቤተ ሰብም አስነቅሎ ከግርጌው እንዳሰፈረ ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ችየን ጽፏል። ሞት የማያስነካ መድኃኒት እንዲያመጣለት ሹ ፉን ከብዙ ሺህ ልጆች ጋር ወደ ባሕር የላከውም ያን ጊዜ ነው።

በ210 ንጉሡ ተመልሶ ሲመጣ መድኃኒቱ አልተገኘም። ሹ ፉ፥ «ትልልቅ ዓሦች መንገድ ዘጉብኝ» ብሎ አመካኘ፤ ንጉሡም አምኖት ዓሣ ሊያድን ወጣ። በዚያው ጉዞ ሞተ።

ስንወርድ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ሹ ፉን አታላይ አልነው፤ ሌሎቻችን ደግሞ እውነቱን ቢናገር አንገቱ ይተርፍ ነበርን? አልን። የልጆቹን ስም ግን የጻፈልን የለም።